የሃያ ሰባት ቁጥር ፀጉር

«አንገትሽን ደፋ አድርጊልኝ» አሉ ዶክተር ወሰንየለሽ። «አያምም።»

የመቀሱ ጫፍ ማጅራቷን ሲነካት ኑኃሚን ትከሻዋን ሰበሰበች። ዶክተሯ ከላይ ያለውን ፀጉር ገልጠው ከሥር በኩል እርሳስ የምታክል ዘለላ ለዩ፤ በጥጥ ክር አሰሩና ከሥሯ ቆረጧት። ከዚያ ካርቶን ላይ አጣብቀው፣ በራስ ቅል በኩል የነበረውን ጫፍ ምልክት አድርገውበት ፖስታ ውስጥ ከተቷት። ፖስታው ላይ ስም አልጻፉም። «27» ብቻ ጻፉበት።

«ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል» አሉ፣ የተሰለፉት ልጆች ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ስለዚህ ይቺ ዘለላ የአምስት የስድስት ወር ታሪክ ይዛለች። ሜርኩሪ የሚባለው መርዝ ወደ ሰውነታችን ገብቶ እንደሆነ እዚህ ላይ እናገኘዋለን። ከብዙ አገር ሴቶች እንዲህ ያለ ፀጉር እየተሰበሰበ ነው። ባሕር ዳር ኖረው ዓሣ ከሚበሉት፣ ወርቅ ከሚወጣበት፣ ፋብሪካ ከበዛበት። ቦንጋን የመረጥናት ይህ ሁሉ ስለሌለባት ነው። ንጹሕ ቦታ ምን እንደሚመስል ለማወቅ።»

ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ነበር። አርባ የአሥረኛ ክፍል ሴቶች በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተሰልፈዋል። ከኑኃሚን ፊት የተቆረጠችው አብርሆት ናት፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብረው የተቀመጡ፣ ደብተር የተዋዋሱ ጓደኛሞች ናቸው። ከኋላዋ ሦስት አራት ልጆች አልፎ ደግሞ የትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ ድምፅ የሆነችው ማርቲ ማስቲካዋን እያኘከች ተራዋን ትጠብቃለች።

ዶክተሯ ወደ መጠይቁ አለፉ።

«ዓሣ ትበያለሽ?»

«በዓመት አንዴ ቢሆን ነው።»

«ከቤተሰብሽ ወርቅ ቁፋሮ የሠራ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ፊት የሚያቀላ ክሬም ወይም ሳሙና ትጠቀሚያለሽ?»

ማርቲ ማኘኳን አቆመች።

«አልጠቀምም» አለች ኑኃሚን።

ዶክተሯ ቀና ብለው ፊቷን አዩት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያረፉትን እጆቿን አዩ፤ ፊቷ ቀይ ነው፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ግን ጥቁር ነበር። የነገረቻቸውን እንዳለ ጻፉ።

ክሬሙን ከጀመረች ስምንት ወር አልፏታል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን የሚኒ ሚዲያው ዝግጅት መሐል መብራት ጠፋ፤ ማርቲም በባዶ ድምፅዋ «ኑኃሚን ጥርስሽን አሳይን፣ ያለሽበትን እንወቅ» ብላ ሜዳውን በሳቅ አፈረሰችው። አብርሆት ብቻ አልሳቀችም። እሱን ኑኃሚን ትረሳው ነበር። ያልረሳችው በዚያው ሰሞን በአጎቷ ልጅ ሠርግ ላይ የገዛ እናቷ ያሏትን ነው። ወይዘሮ አስካለማርያም ቤተሰቡን ለፎቶ ሲደረድሩ ክንዷን ይዘው ወደ ዳር ገፋ አደረጓትና «አንቺ እዚያ ቁሚ፤ መሐል ገብተሽ ፎቶውን አታጨልሚብን» አሉ። ሰው ሁሉ ሰማ። እሳቸውም ክፉ የተናገሩ አልመሰላቸውም።

በማግስቱ ገበያ አጠገብ ወዳለችው የዙፋን ኮስሞቲክስ መሸጫ ሄደች። ዙፋን አገላብጣ ካየቻት በኋላ ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ትንሽ ቱቦ አወጣች። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ኑኃሚን የማታውቀው ቋንቋ ነው። «በወሩ ሰው አይለይሽም» አለቻት ዙፋን።

መጀመሪያ አቃጠላት። ቀጥሎ ተላጠች። ከዚያ ቀላች። ጎረቤቶች ቆንጅዬ ሆንሽ ይሏት ጀመር። እናቷ ከምን እንደመጣ ሳይጠይቁ «አሁን ሰው መሰልሽ» አሉ። ማርቲ በመንገድ ላይ ክንዷን ትይዛት፣ ለአንድ ለአምስት የጥናት ቡድኗም ትመርጣት ጀመር፤ ኑኃሚን ካለች አብርሆትም አትቀርምና እሷም አብራ ገባች።

ሚስጥሩን ያወቀች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። የወንድሟ የፍቅሩ ሚስት ሠናይት እዚያው ግቢ ውስጥ ባለችው ክፍል ትኖራለች። «እኔንም አስቀቢኝ እንጂ» አለቻት አንድ ቀን እየሳቀች። ከዚያ ወዲህ ቱቦው የሁለቱም ሆነ፤ በሠናይት ፍራሽ ሥር ይቀመጣል። ሠናይት ስታረግዝም አላቆመችም። እንዲያውም ሆዷ ላይ ጥቁር መስመር ሲወጣ እሱንም ትቀባው ጀመር።

ዶክተር ወሰንየለሽ የተመለሱት ሚያዝያ ላይ ነው። ሰኞ ቀን አርባውን ልጆች አንድ በአንድ እየጠሩ የታሸገ ፖስታ ሰጧቸው።

ኑኃሚን የራሷን የከፈተችው ሽንት ቤት ገብታ በሩን ከቆለፈች በኋላ ነው። ወረቀቱ አጭር ነበር። በአንድ ግራም ፀጉር ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ከአንድ ማይክሮግራም በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል። የሃያ ሰባት ቁጥር ውጤት አሥራ ዘጠኝ ነው። ከታች በዶክተሯ እጅ የተጻፈ ነበረበት፦ «ምክንያቱን ለማወቅ ሽንት መመርመር ያስፈልጋል። እስከ ዓርብ ጤና ጣቢያ ነኝ። የምትቀቢው ነገር ካለ ዛሬውኑ አቁሚ። ቤታችሁ ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች አብራችሁ ኑ። ስምሽን ለማንም አልናገርም።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፣ እሷም ዝም ለማለት ቆረጠች።

ማክሰኞ ዕለት የባዮሎጂ መምህሩ ቲቸር ጣሰው በደስታ እየተፍለቀለቀ ክፍል ገባ። ፀጉሩ ሲሰበሰብ ስም የመዘገበው እሱ ስለነበር ሥራውን የራሱ ያህል ይቆጥረዋል። «ከተማችን ንጹሕ ናት ተብላለች» አለ። «ከአርባ ልጆች ሠላሳ ዘጠኙ ምንም የለባቸውም። አንዷ ብቻ ወደ ሃያ እጥፍ ሆናለች። ማን እንደሆነች አልተነገረኝም፤ መቼም ከቤተሰብ ሥራ ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም።»

ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሳያስብ ነው ያመለጠችው። ጠመኔውን አንስቶ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ግን የክፍሉ ዓይን ሁሉ አንድ ዴስክ ላይ አርፎ ነበር። የአብርሆት አባት ጋሽ ደምመላሽ ዲማ በኩል ሁለት ዓመት ወርቅ ሲቆፍሩ ቆይተው፣ ጉድጓድ ተንዶባቸው በተሰበረ እግር መመለሳቸውን የማያውቅ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ለአምስት ቡድኖች ግምገማ ነበራቸው። አምስቱም ወንበር አክብበው እንደተቀመጡ የቡድኑ መሪ ማርቲ ደብተሯን ገለጠች።

«አንድ አጀንዳ ብቻ ነው ያለን» አለች። «ለጤናችን ሲባል አብርሆት ከቡድናችን ትውጣ። ፈተናው ደርሷል፣ ማንም መታመም አይፈልግም።»

«እኔ ምንም የለብኝም» አለች አብርሆት። ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችው። «ይኸው፣ ዜሮ ነጥብ ሁለት። ደግሞ አባቴ ወርቁን በውኃ ነው ያጠበው። ሜርኩሪ የሚባል ነገር በዓይኑ አላየም።»

ማርቲ ወረቀቱን በእርሳስ ጫፍ ወደ ራሷ ሳበችው፤ በእጇ አልነካችውም። «ቁጥር ነው እንጂ ስም የለውም። ሃያ ስድስት ይላል። ሃያ ስድስት አንቺ መሆንሽን በምን እናውቃለን? ከአንዷ ልጅ ተለዋውጠሽ ይሆናላ።»

አብርሆት ፊቷን ወደ ኑኃሚን አዞረች። ፊቷ ላይ ፍርሃት የሚባል አልነበረም፤ ነገሩ አሁን እንደሚያልቅ እርግጠኛ ነበረች። «ኑኃሚን ከኋላዬ ተሰልፋ ነበር። ፖስታዬ ላይ ሲጻፍ አይታለች። ንገሪያቸው እስቲ።»

ኑኃሚን አይታለች። ካልሲዋ ውስጥ ያለው ወረቀት ቁርጭምጭሚቷን ይወጋታል። አብርሆት ሃያ ስድስት ከሆነች ቀጣዩ ጥያቄ ሃያ ሰባት ማን ናት የሚል ነው።

«አላስታውስም» አለች።

«ኑኃሚን።»

«አላስታውስም አልኩሽ እኮ። ብዙ ሰው ነበር።»

«በቃ እጅ እናውጣ» አለች ማርቲ። «ትውጣ የምትሉ?»

የማርቲና የሁለቱ ልጆች እጅ ተነሳ። ሦስት ድምፅ ይበቃ ነበር። ማርቲ ግን የኑኃሚንን ፊት እያየች እጇን አላወረደችም፤ ጠበቀች። ኑኃሚን እጇን አወጣች።

አብርሆት ወረቀቷን አጣጥፋ ወንበሯን አነሳች። አላለቀሰችም። በማግስቱ ክፍል ስትገባ ዴስኩ ላይ ብቻዋን ነበረች፤ ኑኃሚን ወደ ማርቲ ዴስክ ተዛውራለች።

የአብርሆት እናት እትዬ ዓባይነሽ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆጮ በዳጣ ይሸጣሉ። ከዚያ ቀን በፊት በእረፍት ሰዓት ቅርጫታቸው ሳይጎድል ቀርቶ አያውቅም። ረቡዕ ዕለት ግን ማንም አልቀረባቸውም። ምክንያቱ ስላልገባቸው ቆጮውን የሸፈኑበትን ኮባ ደጋግመው እየገለጡ «ትኩስ ነው፣ ልጆቼ» ይላሉ። ከቆይታ በኋላ ሦስት ወንዶች እየተሯሯጡ መጡ። አንደኛው «ሜርኩሪ!» እያለ ቅርጫቱን በእግሩ መታው፤ ቅርጫቱ ተንከባልሎ ቦይ ውስጥ ገባ።

አብርሆት ሮጣ መጣች። ከቦዩ ውስጥ ጭቃ የነካውን ቆጮ እየለቀመች ለእናቷ ስታቀብል ቀና አለችና በሩ ላይ የቆመችውን ኑኃሚንን አየቻት። ኑኃሚን የጫማ ክር የምታስር መስላ አጎነበሰች። ጫማዋ ክር አልነበረውም።

ሐሙስ አብርሆት ትምህርት ቤት አልመጣችም።

የዚያን ዕለት ኑኃሚን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቤቷ ሳትገባ ወደ ሠናይት ክፍል አለፈች። ሠናይት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ሆዷን ትቀባለች። ኑኃሚን ከደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ወረቀቱን አወጣችና ቆማ አነበበችላት።

ሠናይት እስክትጨርስ ሰማቻት። ጣቷ ላይ የቀረውን ክሬም በቀሚሷ ጠረገችው።

«ልጁን ይጎዳዋል ነው የምትይኝ?»

«ሊጎዳው ይችላል። አንጎሉን። የአንቺንም ኩላሊት። ክፍል ውስጥ ተምረነዋል።»

«እናትሽ ፍቅሩ ሊያገባኝ ሲል ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? ከጥቁር ላይ ጥቁር ሊጨምርብን ነው አሉ። ልጄ ያንን እንዳይሰማ ብዬ ነበር።» ወረቀቱን ከእጇ ተቀበለቻት። ከላይ የተጻፈውን ቀን አየችው። «ይህን መቼ ነው የሰጡሽ?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

ኑኃሚን አልጋው ላይ የነበረውን ቱቦ አንስታ ክዳኑን ገጠመችበት።

«ማክሰኞ ቀባሁ። ትናንት ቀባሁ። ዛሬም ይኸው» አለች ሠናይት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ግቢ ውስጥ ስትወጪ ስትገቢ አይሻለሁ፣ ሰላም ትይኛለሽ። አውቀሽ ነው ሦስት ቀን ያስቀባሽኝ?»

«ሰው እንዳያውቅብኝ ፈርቼ…»

«ውጪልኝ» አለች ሠናይት። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን። አሁን ግን ከፊቴ ዞር በይ።»

ዓርብ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሠናይት ከፊት ከፊት ትራመድ ነበር። ዶክተር ወሰንየለሽ ቱቦውን በፕላስቲክ ከረጢት አስገብተው አሰሩት፤ ለሁለቱም የሽንት መቀበያ ሰጧቸው። በቆዳ የሚገባው ሜርኩሪ ይበልጥ የሚታየው በሽንት እንደሆነ፣ ፀጉሩን ግን ማጅራቷ ላይ የተቀባው ክሬም ከውጭም ነክቶት ሊሆን እንደሚችል አስረዷቸው።

«ልጄ ደኅና ይወለዳል?» አለች ሠናይት።

«እውነቱን ልንገርሽ፤ አላውቅም» አሉ ዶክተሯ። «እንከታተልሻለን። ዛሬ ማቆምሽ ግን ነገ ከማቆም ይሻላል።»

«ከሰኞ ግን ይከፋል» አለች ሠናይት፤ ኑኃሚንን አላየቻትም።

ሠናይት ስትወጣ ኑኃሚን ወደኋላ ቀረች። የአብርሆትን ነገር ነገረቻቸው፤ ግምገማውን፣ ቅርጫቱን፣ እጅ ማውጣቷን ጭምር። ዶክተሯ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ልጅቷ እንዳልሆነች ትምህርት ቤቱ ሄጄ እናገራለሁ» አሉ። «ለመምህር ነኝ ባዩም የምነግረው አለኝ። ታዲያ ማን ናት ብለው ቢጠይቁኝ ግን አልመልስም። እሱን የምትመልሺው አንቺ ነሽ፣ ከፈለግሽ።»

ሰኞ ዕለት ዶክተሯ መሄዳቸውን አዘግይተው፣ እንዳሉት መጥተው ተናገሩ። ቲቸር ጣሰው ክፍሉ ፊት ቆሞ፣ ወለል ወለሉን እያየ አብርሆትን የሚመለከት አለመሆኑን ደገመው። ልጆቹ ግን «እናቷ ስላለቀሱ አዝነውላት ነው» ይባባሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግምገማው ሲጀመር ኑኃሚን ማርቲ ደብተሯን እስክትገልጥ አልጠበቀችም።

«ግለሂስ አለኝ» አለች። «ሃያ ሰባት ቁጥር እኔ ነኝ። ክሬም እቀባ ነበር። አብርሆት ሃያ ስድስት መሆኗን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሙድ እየያዝሽብን ነው?» አለች ማርቲ። ወዲያው የኑኃሚንን ፊት አተኩራ አየችው፣ ከዚያ እጆቿን፤ ከንፈሯ ቀስ ብሎ ተሸራመመ። «ለካ ቅላቱ የሱቅ ነው።»

ሌሎቹ ሁለቱ ሳቁ። ስለ አብርሆት አንድም ሰው አላነሳም። አንዷ ወንበሯን ከኑኃሚን ራቅ አደረገች፤ ሌላዋም እሷን አይታ ራቀች። ነገ ጠዋት ሚኒ ሚዲያው ላይ ምን እንደሚባል ኑኃሚን ሳይነገራት አወቀችው።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ አብርሆት ቤት ሄደች። እትዬ ዓባይነሽ ደጃፍ ላይ እንሰት ይፍቁ ነበር። ኑኃሚን ቆማ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። እጃቸው ሥራውን አላቋረጠም። ከውስጥ ጋሽ ደምመላሽ በካፍኛ አንድ ነገር ጠየቋቸው፤ እሳቸውም በአጭሩ መለሱላቸው።

«ሺሺንዳ አክስቷ ጋ ልኬያታለሁ» አሉ ኋላ። «ሻይ ቤት አላቸው። እዚያ ትሠራለች።»

«ፈተናውስ? ሐሙስ የመፈተኛ ካርድ ይታደላል፤ ራሷ ፈርማ ነው የምትወስደው።»

«አልመለስም ብላለች። እኔ ደግሞ ተመለሺ ብዬ በገፋኋት ቁጥር የዚያን ዕለት በሩ ላይ ማንን አይታ እንዳዘነች አስታውሳለሁ።» ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አይዋት። «አንቺን ከዚህ ቤት አብልቼሽ አውቃለሁ።»

ማክሰኞ ማለዳ ኑኃሚን በትምህርት ቤት ፈንታ ወደ መናኸሪያ ሄዳ የሺሺንዳ መኪና ላይ ወጣች።

ሻይ ቤቱ መኪናዎች የሚቆሙበት ፊት ለፊት ነው። አብርሆት ከደጅ ባለው ሳፋ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ሽርጧ ረጥቧል። ኑኃሚንን ስታያት አልደነገጠችም፤ ሥራዋንም አልተወችም። ኑኃሚን ከሳፋው አጠገብ ቆማ ክሬሙን፣ ወረቀቱን፣ ሠናይትን፣ የትናንቱን ግምገማ ሁሉንም ነገረቻት። ካርዱ ሐሙስ እንደሚታደልም ነገረቻት።

«እጅሽን ስታወጪ ምን እያሰብሽ ነበር?» አለች አብርሆት።

«ምንም። እኔን እንዳያዩኝ ብቻ።»

«ሦስት እጅ ይበቃቸው ነበር እኮ። አንቺ ባታወጪም እወጣ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ባታወጪ ግን እዚያው ከተማ እቆይ ነበር» አለች አብርሆት።

ኑኃሚን ከውኃው ውስጥ አንድ ብርጭቆ ልታነሳ እጇን ዘረጋች። አብርሆት ሳፋውን ወደ ራሷ ሳበች።

«አትንኪ።»

መንገዱ ማዶ ረዳቱ የሚኒባሱን በር እየደበደበ «ቦንጋ! አንድ ሰው ለቦንጋ!» ይላል።

«ሂጂ» አለች አብርሆት። «ከዚህ በኋላ የሚቀረው አንድ ነው። እሱም የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው።»

ኑኃሚን ወደ መኪናው አየች። ረዳቱም አያትና በጣቱ ጠራት። አልሄድም ብላ ራሷን ነቀነቀችበት። ከዚያ ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ሥር ወዳለው አግዳሚ ሄዳ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። አብርሆት የታጠቡትን ብርጭቆዎች በትሪ ደርድራ፣ በአጠገቧ አልፋ ወደ ውስጥ ገባች። ኑኃሚን ከአግዳሚው አልተነሳችም።